እኩይ ገጸ ባሕርይ ተከታዮቹን በቁስላቸው በኩል እንዴት ያበላሻል? ለልቦለድና ለተውኔት ጸሐፊዎች የአሠራር መመሪያ

በብዙ ረቂቆች ውስጥ እኩዩ ሰው ገና ሲገባ ዓይኑ ይቀላል፣ ድምፁ ይጎረናል፣ ንግግሩ ይረዝማል። ተከታዮቹ ደግሞ ደራሲው "ተከተሉት" ስላላቸው ብቻ ይከተሉታል። አንባቢው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ "እነዚህ ሰዎች ለምን ጥለውት አይሄዱም?" ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካላገኘ መጽሐፉን ይዘጋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ያንን መልስ ታሪኩ ውስጥ ለመገንባት ናቸው።

ሥራው ሁሉ የሚቆመው በአንድ ምሰሶ ላይ ነው፦ አታላይ ሰው ሌላውን የሚይዘው በሚወስድበት ሳይሆን በሚሰጠው ነው። የሚሰጠውም ነገር እውነተኛ መሆን አለበት። እኩይዎ ለማንም ምንም የማይሰጥ ከሆነ ተራ ጉልበተኛ ነው። ጉልበተኛ ሰው ያስፈራል እንጂ አያበላሽም።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

አንድ እኩይ፣ እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር፣ ሦስት ተከታዮች። የሚፈልገው ነገር የሚጨበጥ ይሁን፦ አንድ ፊርማ፣ የአንድ ምስክር ዝምታ፣ የአንዲት ሴት ውርስ። "ሥልጣን" ብለው ከጻፉ ከተከታዮቹ ምን እንደሚጠይቅ ይጠፋዎታል፤ ማንም ሰው "እስቲ ትንሽ ሥልጣን አቀብለኝ" አይባልምና።

ሦስት ተከታዮች የሚሆኑበት ምክንያት አለ። አንድ ብቻ ከሆነ ነገሩ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ከአራት ካለፉ አንባቢው ያምታታቸዋል። ሦስት ሲሆኑ ግን እኩዩ ሁለቱን በአንዱ ላይ ማስነሣት ይችላል፤ ወደ ኋላ እንደሚታየው የሥራው ግማሽ ይኸው ነው። ከ4,000 ቃል ለማይበልጥ አጭር ልቦለድ አንድ ተከታይና ሦስት እርከን (ተከታዩ ወደ ጥፋቱ የሚወጣባቸው ትንንሽ ድርጊቶች፤ ቁጥር 3 ላይ ይመጣሉ) ይበቃሉ።

1. ከእኩዩ ሳይሆን ከተከታዩ ይጀምሩ

ለእያንዳንዱ ተከታይ አንድ ገጽ ይያዙና እነዚህን አምስት መስመሮች ይሙሉ።

ቁስል፦ ምን ደረሰበት?
ረሃብ፦ ከዚያ ወዲህ ምን ሲያጣ ኖረ?
ሰበብ፦ ለራሱ ምን እያለ ያድራል?
ወሰን፦ "ይህንንስ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላደርገውም" የሚለው ነገር ምንድን ነው?
ምርኩዝ፦ ሲከፋው ማን ዘንድ ይሄዳል?

ቁስሉ ትዕይንት ይሁን እንጂ የባሕርይ ስም አይሁን። "በራሱ አይተማመንም" የሚል መስመር ምንም አይሠራም፤ እኩዩ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም። "በ12 ዓመቱ የጻፈውን ግጥም አባቱ ለእንግዶች እያነበበ ሳቀበት" የሚለው ግን ይሠራል። አሁን እኩዩ ምን ማድረግ እንዳለበት እርስዎም ያውቃሉ፦ አንድ ቀን የልጁን ወረቀት ያነሣል፣ እስከ መጨረሻው በጸጥታ ያነበዋል፣ ቀስ ብሎ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። አንድ ቃል ሳይናገር ልጁን ገዛው።

ወሰኑ የታሪኩን መድረሻ ይነግርዎታል። ተከታዩ በመጨረሻ የሚያደርገው ነገር ያው "አላደርገውም" ያለው ነው። ስለዚህ ወሰኑን መጀመሪያ አካባቢ፣ ስለ ሌላ ሰው በሚወራ ቀላል ጨዋታ መሀል ያስነግሩት። አንባቢው ሰምቶ ይርሳው። ንግር፣ ማለትም በኋላ የሚሆነውን ቀድሞ የሚጠቁም ነገር፣ ሲታወስ እንጂ ሲነገር መጉላት የለበትም።

አብዛኛው ጸሐፊ የሚዘነጋው ምርኩዝን ነው። ማታ ሄዶ "ዛሬ ይህን አድርግ ተባልኩ" የሚለው ሰው ያለው ገጸ ባሕርይ በቀላሉ አይበላሽም፤ ያ ሰው "አብደሃል እንዴ?" ይለዋል፣ ነገሩ ያበቃል። ስለዚህ ምርኩዙ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ትዕይንት እንደሚርቅ፣ ለምን እንደሚርቅ ይወስኑ። ሞት ቀላሉና ደካማው መንገድ ነው። የሚሻለው ተከታዩ ራሱ እንዲያርቀው ማድረግ ነው፦ አንድ የስልክ ጥሪ ሳይመልስ ይቀራል፣ ከዚያም ሳይመልስ በመቅረቱ አፍሮ ሁለተኛውንም አይመልስም።

ደግሞ ቁስል ብቻ ፍለጋ አይሂዱ። በጎነትም በር ነው፤ እንዲያውም ሰፊው በር እሱ ነው። አሜሪካዊው ሰባኪ ጂም ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ የመሠረተው የሕዝቦች ቤተ መቅደስ ጥቁርና ነጭ አብረው የሚቀመጡበት፣ ችግረኛ የሚበላበት ጉባኤ ነበር። ብዙዎቹ የተቀላቀሉት ሞኞች ስለነበሩ ሳይሆን እኩልነትን ስለወደዱ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1978 ጉያና ውስጥ በእሱ ትእዛዝ ከ900 በላይ ሰዎች ያለቁት ከዚያ በር ገብተው ነው፤ ከሟቾቹ 300 ያህሉ ልጆች ነበሩ። ከሦስቱ ተከታዮችዎ ቢያንስ አንዷ በበጎነቷ ትግባ። ግፍ አይታ ዝም ማለት የማትችል ሴት ያስቡ፤ እኩዩ "ግፈኛ" ብሎ አንድ ሰው ካሳያት ከሁሉም የምትጨክነው እሷ ትሆናለች።

2. ስጦታውን ያዘጋጁ

እያንዳንዱ ረሃብ የራሱ ስጦታ አለው። ማንም ልብ ያላለው ሰው መታየትን ይቀበላል። በጥፋቱ የሚቃጠል ሰው ይቅርታን፣ የሚፈራ ሰው እርግጠኝነትን፣ የተቆጣ ሰው ደግሞ ስም ያለው ጠላትን ይቀበላል። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ስጦታ ከሰጡ እኩይዎ ሰባኪ ይመስላል፤ ሰው በሰው የሚያጠምድ አይመስልም።

ከዚህ በኋላ መመሪያውን ለማስረዳት አንዲት ተከታይ እንያዝ። የበጎ አድራጎት ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ቀድሞ በምትሠራበት ቦታ ገንዘብ ሰረቀች ተብላ በሐሰት ተከሳ፣ አንድም ሰው ሳያምናት ከሥራ ተባርራለች። ረሃቧ መታመን ነው። ወሰኗ "የሰው ስም በሐሰት አላጠፋም" የሚል ነው። እኩዩ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የካዝናውን ቁልፍ ያለ ርክክብ ወረቀት ያስጨብጣትና "ቆጥሬ አልሰጠሁሽም፤ ቆጥሬም አልቀበልሽም" ይላታል። ስጦታው እውነተኛ ነው፤ በእርግጥም አልቆጠረም። ከዚያ ወዲያ ይህች ሴት ከእሱ የምትቀበለው ሁሉ በዚያ ቁልፍ ይለካል።

መጠኑን ይጠብቁ። እኩዩ የመጀመሪያውን ነገር ከመጠየቁ በፊት ቢያንስ በሁለት ትዕይንት ሰጥቶ መታየት አለበት። በአንዱ ብቻ ከሆነ አንባቢው "አሃ፣ ጉቦ ነው" ብሎ ይነቃል። ሁለተኛው ስጦታ ያልተጠበቀና ሌላ ሰው ያላየው ቢሆን ይመረጣል።

ቁስሏን እንዴት ዐወቀ? ይህን ካልመለሱ እኩይዎ ጠንቋይ ይሆንብዎታል። ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ጠይቆ መጠበቅ ነው፤ ሰው ዝምታን መሙላት ይወዳል፣ ስለዚህ እኩዩ ከጥያቄው በኋላ አይናገር፤ ጽዋውን ያዙር፣ መስኮት ይይ። ሁለተኛው ከሦስተኛ ወገን መስማት ነው። ሦስተኛውና የሚሻለው የራሱን ምስጢር ቀድሞ ማቅረብ ነው። "ታናሽ ወንድሜን ወንዝ ወሰደብኝ፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም" ይላል። ምስጢር የተሰጠው ሰው ባለዕዳ ነውና በምስጢር ይከፍላል። እዚህ ላይ አንድ ማስታወሻ ይያዙ፦ እኩዩ ለሦስቱም ተከታዮች የሚነግረው ምስጢር በጥቂቱ ይለያይ። ለሒሳብ ሠራተኛዋ ወንዝ ያለውን ለሌላው ንዳድ ይበል። ስምንተኛው ደረጃ ላይ ይጠቅመናል።

3. መሰላሉን ይሥሩ

ልብ የሚሰጥበት ቦታ ይህ ነው፤ ከሌላው ደረጃ ሁሉ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይስጡት። ለረጅም ልቦለድ ከአምስት እስከ ሰባት እርከን ያስፈልጋል። የሒሳብ ሠራተኛዋ መሰላል እንዲህ ይሄዳል።

አንደኛው እርከን ላይ እስከ ምሽት ቆይታ የተዝረከረከ ሰነድ ታደራጃለች። ሥራው ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ላይ ያየችውን ትንሽ ስህተት ለቦርዱ ሳትነግር ታቆያለች፣ "እስከ ሰኞ ብቻ" ተብላ። ሦስተኛው ላይ የአንድ ደረሰኝ ቀን በሁለት ቀን ወደ ኋላ ይጻፋል፤ ዕቃው ተገዝቷል፣ ገንዘቡ ወጥቷል፣ የተቀየረው ቀኑ ብቻ ነው። አራተኛው ላይ በዕለቱ ላልመጣ ባልደረባ ትፈርማለች፤ ቢኖር ይፈርም ነበር። አምስተኛው ላይ ያልተገዛ መድኃኒት እንደተገዛ የሚያሳይ ሰነድ ታዘጋጃለች። ስድስተኛው ላይ አዲስ የተቀጠረውን ወጣት ራሷ አስቀምጣ ቀን ማስተካከልን ታሳየዋለች፣ ልክ ለእሷ እንደተደረገው በለሰለሰ ቃል። ሰባተኛው ላይ ኦዲተር ሲመጣ ያንን ወጣት "ሌባ" ትላለች።

ሰባተኛውን ከወሰኗና ከቁስሏ ጋር ያስተያዩት። የተደረገባትን ራሷ አደረገችው። መሰላል የሚሠራው ከላይ ወደ ታች ነው፦ መጀመሪያ የመጨረሻውን እርከን ይወስኑ፣ ከዚያ "ይህን ለማድረግ ትናንት ምን አድርጋ መሆን አለበት?" እያሉ ወደ መሬት ይውረዱ። ከታች ወደ ላይ የሚጽፍ ሰው አራተኛው ላይ መንገዱ ይጠፋዋል።

እርከኖቹ እኩል ቁመት ይኑራቸው። ስታንሊ ሚልግራም እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ዬል ዩኒቨርሲቲ ያካሄደው ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። ሰዎቹ ለማያውቁት ሰው የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲሰጡ ታዘዙ፤ ንዝረቱ የውሸት ነበር፣ የሚጮኸውም ተዋናይ፣ እነሱ ግን አላወቁም። ማሽኑ 30 ማብሪያዎች ነበሩት፣ እያንዳንዱ ከቀዳሚው በ15 ቮልት ብቻ የሚበልጥ። በታወቀው ዙር ከ40ዎቹ ሰዎች 26ቱ እስከ 450 ቮልት ሄዱ። ለጸሐፊ ዋናው ቁም ነገር 15 ቮልቱ ነው። 150 ላይ ያላቆመ ሰው 165 ላይ የሚያቆምበትን ምክንያት ማግኘት ይቸግረዋል፤ ማቆም ማለት የቀደመውን ሁሉ ጥፋት ነበር ብሎ ማመን ነውና።

የመጀመሪያውን እርከንም አይናቁት። ጆናታን ፍሪድማንና ስኮት ፍሬዘር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት ካሊፎርኒያ ውስጥ የቤት ባለቤቶችን ስለ ጥንቃቄ የመኪና አነዳድ የሚናገር ትልቅና አስቀያሚ ሰሌዳ ግቢያቸው ውስጥ እንዲተክሉ ጠየቁ። በቀጥታ ከተጠየቁት እሺ ያሉት ከ20 በመቶ በታች ነበሩ። ከሁለት ሳምንት በፊት በዚያው ጉዳይ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት እንዲለጥፉ ተጠይቀው ከነበሩት ግን 76 በመቶው ተስማሙ። የእኩይዎ የመጀመሪያ ጥያቄ እንደዚያች ምልክት ይሁን፦ እምቢ ማለት የሚያሳፍር፣ እሺ ማለት የማያስከፍል።

ብዙ ጸሐፊዎች የሚሳሳቱበት ሌላ ቦታ ክፍያው ነው። እኩዩ ሻንጣ ሙሉ ገንዘብ ያወጣል፤ ታሪኩ እዚያው ይሞታል። ሊዮን ፌስቲንገርና ጀምስ ካርልስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጡት ሙከራ ሰዎች አሰልቺ ሥራ ሠርተው ሲያበቁ ለሚቀጥለው ተረኛ "ደስ የሚል ሥራ ነው" ብለው እንዲዋሹ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ 1 ዶላር፣ ለሌሎቹ 20 ዶላር ተከፈለ። በኋላ ሲጠየቁ ሥራው በእርግጥም ደስ ይል ነበር ወደማለት ያዘነበሉት 1 ዶላር የተቀበሉት ናቸው። 20 የተከፈለው ሰው ለምን እንደዋሸ ያውቃል። 1 ዶላር የተከፈለው ግን ምክንያት ስለሌለው ምክንያቱን ከራሱ ውስጥ ያወጣል። ስለዚህ እኩይዎ ቆጥቋጣ ይሁን። ሒሳብ ሠራተኛዋ ለተቀየረው ቀን የምታገኘው አንድ "ተባረኪ" ብቻ ይሁን። የቀረውን ምክንያት ራሷ ትፈጥረዋለች፣ የፈጠረችውንም ታምነዋለች።

በየእርከኑ ላይ ሦስት ነገሮች መኖራቸውን ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ድርጊቱ በገዛ እጇ ይሁን፤ እኩዩ እስክሪብቶውን ያቀብላታል እንጂ አይጽፍም። ሁለተኛ፣ በሩ ክፍት ይሁን። "ካልመሰለሽ ተይው፤ እኔ ሌላ መላ እፈልጋለሁ" የሚለው ዐረፍተ ነገር ከማንኛውም ዛቻ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ "ተገድጄ ነው" ማለት አትችልም። ሦስተኛ፣ በሁለት እርከኖች መሀል እኩዩ የሌለበት ቢያንስ አንድ ትዕይንት ይግባ፦ ቤቷ፣ መንገድ ላይ፣ ከልጇ ጋር። ደራሲዎች እዚህ ጋ ጸጸት ለመጻፍ ይቸኩላሉ። ሦስተኛው እርከን ማታ ላይ ጸጸት አይጻፉ። ደህና እንቅልፍ ትተኛ። አንባቢውን የሚያስጨንቀው እሱ ነው።

4. ቃላቱን ይለውጡ

ተበላሸ የሚባለው ሰው መጀመሪያ የሚበላሸው በንግግሩ ነው። ሮበርት ሊፍተን እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ አስተሳሰብ ማጠቢያ በጻፈው ሥራ ከዘረዘራቸው ስምንት ምልክቶች አንዱ ይኸው ነበር፤ ቡድኑ የራሱን ቃል ይፈጥራል፣ ቃሉም ሐሳብን ይቆርጣል። ለቡድንዎ ከስድስት እስከ ዐሥር ቃላት ይበቃሉ። "መዋሸት" ወደ "ማስተካከል"፣ "መደበቅ" ወደ "ማቆየት"፣ "የጠየቀ ሰው" ወደ "የደከመው ሰው" ይለወጥ። ቃላቱ የዕለት ተዕለት ቃላት ይሁኑ። ፈሊጣዊና ምሥጢራዊ ስም ከሰጧቸው ነገሩ የልጆች ማኅበር ይመስላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቃሉን መጀመሪያ እኩዩ ይናገረው፦

"ቀኑ ልክ አይደለም" አለች።
"ቀኑ ልክ ነው፤ የጻፈው ሰው ነው የዘገየ። አንቺ የምታደርጊው ማስተካከል ብቻ ነው።"
"ቢጠየቅስ?"
"የሚጠይቅ ካለ ደክሞታል ማለት ነው። እኔና አንቺ ግን አልደከመንም።"

ለመቶ ገጽ ያህል ይተዉት። ከዚያ ስድስተኛው እርከን ላይ ወጣቱ "ይህ አያስጠይቅም?" ሲላት "ደክሞሃል" ትበለው። ምንም ማብራሪያ አይጨምሩ። "የሥራ አስኪያጁ ቃል ከአፏ ሲወጣ ደነገጠች" ብለው ከጻፉ የሠሩትን ሁሉ አፈረሱት፤ እሷ አትደንግጥ፣ አንባቢው ይደንግጥ።

5. ሙቀትና ቅዝቃዜ

ሁልጊዜ ደግ የሆነ ሰው ይለመዳል፤ ሁልጊዜ ክፉ የሆነ ይተዋል። የሚይዘው የማይገመተው ነው። ፈርስተርና ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ጥናት፣ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሲሆን ድርጊቱ እንደሚበረታና ሽልማቱ ከቆመም በኋላ ለመጥፋት እንደሚዘገይ አሳይተዋል። ለትዕይንቶችዎ ቅደም ተከተል ይጻፉ፦ ሞቅ፣ ሞቅ፣ ቀዝቀዝ፣ ሞቅ፣ ቀዝቀዝ፣ ቀዝቀዝ፣ በጣም ሞቅ። ቅዝቃዜው ትንሽ ይሁን። ሰላምታ አልመለሰም። ስብሰባ ላይ የሷን ሐሳብ ሌላ ሰው እንዳቀረበው አድርጎ ተናገረ። ምክንያቱ በጭራሽ አይነገር። ምክንያት ከተነገራት ታርማለች፤ ካልተነገራት ግን ራሷን ስትበረብር ትከርማለች፣ በመጨረሻም ያላጠፋችውን ጥፋት አግኝታ ይቅርታ ትጠይቃለች። ያንን የይቅርታ ትዕይንት ይጻፉት፤ ከመሰላሉ ቀጥሎ ጠንካራው መሣሪያዎ ነው።

6. መያዣ

ሁለተኛው ደረጃ ላይ የተሰጠው ምስጢር እዚህ ዋጋ ያወጣል። ኔክሲየም በተባለው የአሜሪካ ድርጅት ውስጥ በተቋቋመው ስውር ቡድን የሚገቡ ሴቶች እርቃን ፎቶና ራሳቸውን የሚያዋርድ ጽሑፍ "መያዣ" በሚል ስም እንዲያስረክቡ ይደረግ ነበር፤ መሪው ኪት ራኒየሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2020 የ120 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ቃሉን ልብ ይበሉ። "መያዣ" የመተማመን ቃል ነው።

በድርሰትዎ ውስጥ እኩዩ መያዣውን በአፉ አያንሣው። ካነሣው ዛቻ ይሆናል፣ ዛቻ ደግሞ ተከታዩን ነፃ ያወጣል፤ ቢያንስ ጠላቱን ያውቃል። አንድ ቀን ብቻ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "የቀድሞ ሥራሽን አንረሳውም፤ እዚህ ግን ሁላችንም እናምንሻለን" ይበል። ሌሎቹ ምስጋና ይሰማሉ። እሷ ሌላ ትሰማለች።

7. ሁለተኛውን ተጠራጣሪ ያስወግዱ

ሰለሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሰዎች የመስመር ርዝመት እንዲያስተያዩ ጠየቀ፤ በክፍሉ ያሉት ሌሎች ሰዎች ተነግሯቸው በአንድ ድምፅ የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ብዙ ተፈታኞች ቢያንስ አንዴ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከብዙኃኑ ጋር ተሳሳቱ። አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ ሲሰጥ ግን አብሮ መሳሳቱ በእጅጉ ወደቀ። አንድ ሰው ይበቃል ማለት ነው። እኩይዎም ይህን በደመ ነፍሱ ያውቃል፤ ስለዚህ የሚፈራው ተቃዋሚን ሳይሆን ሁለት ተጠራጣሪዎች ሻይ ሲጠጡ ማየትን ነው።

ስለዚህ ሦስቱ ተከታዮች ጥርጣሬያቸውን እንዳይነጋገሩ የሚያደርግ ነገር ያስቀምጡ። ቀላሉ ዘዴ ለእያንዳንዳቸው ስለ ሌላው ትንሽ እውነት መስጠት ነው። "እሱ ጎበዝ ነው፣ በአንቺ ላይ ግን ቅር ብሎታል" ይላታል። ሐሰት ከሆነ ሲነጋገሩ ይወጣል፤ እውነት ከሆነና ከተነገረበት ሁኔታ ተነጥሎ ከመጣ ግን ሲነጋገሩ ይብስበታል። በረቂቁ ላይ የሚፈትኑት እንዲህ ነው፦ ሦስቱ እኩዩ በሌለበት ለብቻቸው የተገናኙባቸውን ገጾች ይቁጠሩ። ከመሰላሉ እኩሌታ በኋላ ቁጥሩ እየቀነሰ መሄድ አለበት።

8. ስንጥቁ

ተከታዩን የሚያነቃው ምንድን ነው? የውጭ ሰው ማስረጃ ይዞ መጥቶ ሁሉን ሲያጋልጥ የሚነቃ ተከታይ ወረቀት ላይ ያለ እንጂ በሕይወት ያለ አይመስልም። ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1954 ዓለም በጎርፍ ትጠፋለች ብሎ የሚጠብቅ አንድ ትንሽ የአሜሪካ ቡድን ውስጥ ገብተው ተከታተሉ። ጎርፉ አልመጣም። ሥራቸውንና ንብረታቸውን ትተው በአንድነት ሲጠባበቁ የነበሩት አባላት ከመበተን ይልቅ ለጋዜጦች ስልክ ይደውሉ ጀመር። ብዙ የከፈለ ሰው እውነት ሲመጣ ይበልጥ ይሸሻል። ስለዚህ የውጭውን ሰው ካስገቡት ይክሸፍ፤ መምጣቱ ተከታይዋን አንድ እርከን ወደ ላይ ይግፋት።

ስንጥቁ የሚመጣው ከስጦታው ነው። የበላችው እንጀራ ድንጋይ ነበረበት ወይ የሚለውን የምታጣራው ጥርሷ ሲሰበር ነው። ወንዝ የወሰደው ወንድም ትዝ ይልዎታል? ሒሳብ ሠራተኛዋ ሌላኛው ተከታይ "ወንድሙ በንዳድ ሞቶበት እኮ ነው" ሲል ትስማ። አንድ ሐረግ ብቻ። ከዚያ ስለ ደረሰኞቹ አትጠይቅም፤ ስለ ቁልፉ ትጠይቃለች፦ ያን ቀን እውነት አልቆጠረም ነበር? መልሱን አይስጧት።

ከስንጥቁ በኋላ ትሂድ ወይስ ትቅር? ሁለቱም ይቻላል። የሚቀልለው መሄዷ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ዐውቃ መቅረቷ ነው፣ ምክንያቱም ከወጣች ወጣቱን በሐሰት የከሰሰች ሴት ትሆናለች። ከቆየች ግን ያው "ማስተካከል" ነው።

9. የእኩዩ ውስጥ

በአጭሩ፦ ግማሹን ይመን። ድርጅቱን እየጠቀመ እንደሆነ የሚያስብ አጭበርባሪ፣ መስተዋት ፊት ቆሞ ከሚስቅ አጭበርባሪ የበለጠ ያስፈራል። የልጅነት ቁስሉን በረጅም ንግግር አያስነግሩት፤ ቁስል እያቀረበ የሚያጠምድ ሰው ስለሆነ አንባቢው የቱን እንደሚያምን አያውቅም፣ አለማወቁም ይጠቅምዎታል። ታሪኩን በእሱ አንጻር አይተርኩ። አንድ ምዕራፍ ያህል ውስጡን ካሳዩ ልብ ሰቀላው ያልቃል፤ አንባቢው ከተከታይዋ በፊት ዐዋቂ ይሆንና እሷን መናቅ ይጀምራል።

ረቂቁ ሲበላሽ

አንባቢዎ "ተከታይዋ ሞኝ ናት" ካለ፣ ብዙ ጊዜ አንድ እርከን ዘልለዋል። የተናደደበትን ገጽ ይፈልጉና ከሱ በፊት ያለውን ክፍተት ይዩ፤ በአብዛኛው ከሁለተኛው ወደ አምስተኛው የተዘለለበት ቦታ ነው። ችግሩ ከዚያ ካልሆነ ስጦታው ቀጭን ነው።

አንባቢው እኩዩን ከወደደው ደግሞ ተጎጂው ፊት የለውም ማለት ነው። በምሳሌያችን ያልተገዛው መድኃኒት የሚደርሰው ለአንድ ሰው ነበር። ያ ሰው ከሦስተኛው እርከን ጀምሮ ስም፣ ወንበርና ሳል ይኑረው፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ። ስለ እሱ ምንም ዓይነት አሳዛኝ ነገር መጻፍ አያስፈልግም። ከአምስተኛው በኋላ ወንበሩ ባዶ ይሁን።

ነገሩ ከዘገየ እርከን አይቀንሱ፤ በየእርከኑ ያለውን ምልልስ ያሳጥሩ። አራተኛው እርከን ላይ እኩዩ መጠየቅም የለበትም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይወጣል። ስድስተኛው ላይ ጭራሽ በክፍሉ አይኖርም። ለመድረክ ሲጽፉ ይህ በተለይ ይሠራል፦ ቁልፉ፣ እስክሪብቶውና ባዶው ወንበር ሁልጊዜ በተመልካቹ ፊት ስለሆኑ ግማሹን ምልልስ ይሸከሙልዎታል።

የመጨረሻው ፍተሻ የሚደረገው በቀለም ነው። የእኩዩን ንግግሮች በሙሉ በአንድ ቀለም ይሸፍኑና የተከታይዋን ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብለው ያንብቡ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ጥያቄዎች ይበዛሉ፤ መሀል ላይ ጥያቄዎቹ ወደ ማብራሪያ ይለወጣሉ፤ ወደ መጨረሻው ሌላ ሰው ሲጠይቅ እሷ የምትመልስ ትሆናለች። ለውጡ የታየበትን ገጽ በጣትዎ ማመልከት ከቻሉ፣ እዚያ ቦታ ላይ አንድ እርከን ይጎድላል፤ ተመልሰው ይሥሩት።